ከዝርዝሩ ግርጌ ያሉት ሰውዬ

ጃንዋሪ 6

ዛሬ ትምህርት የተማርኩት ስለ በር ነው።

ለምርጫው ቤት ለቤት መዞር ጀመርን። ከፓርቲያችን ዋና ጽሕፈት ቤት የተላከው መመሪያ «ደወል ደውላችሁ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብላችሁ፣ ፈገግ በሉ» ይላል። እኔም በአዲሱ ካፖርቴ ወረቀቶቼን አቅፌ የመጀመሪያውን ቤት የፊት ደወል ደወልኩ፤ ወደ ኋላ አልኩ፤ ፈገግ አልኩ። ውስጥ ውሻ ጮኸ፣ ዕቃ ወደቀ። አንዲት ሴትዮ መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ ስታየን ፊቷ ዐመድ መሰለ። አብረውኝ የሚዞሩት አቶ ሃርመን ቬልድካምፕ አጥሩን ተደግፈው ይስቃሉ።

«ሩሊን፣ ልጄ፣ እኛ አገር በፊት በር የሚመጡት ሙሽራ፣ ሬሳና ግብር ሰብሳቢ ናቸው። አንቺ የትኛዋ ነሽ?»

አፈርኩ። እዚሁ ኦልደርዋርድ ተወልጄ፣ እዚሁ አድጌ! የእኛ ቤት የፊት በር ከተከፈተ ስንት ዓመቱ። እማዬ ከኋላው የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽኑን፣ የገና ጌጥ ካርቶኖቹን፣ የሞተው አጎቴን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ሁሉ ደርድራበታለች። ላይደን ዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ የሕዝብ አስተዳደር መማር የእናትን ጓሮ ያስረሳል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በየጓሮው ገባን። በየወጥ ቤቱ ሰው ሁሉ «ሃርመን!» ይላል። ወደ እኔ ዞሮ ደግሞ «ይቺስ የማን ልጅ ናት?»

«የጸጉር ሠሪዋ ልጅ» ይላሉ እሳቸው። «ተመርቃ መጥታ ነው። ከዝርዝራችን ሦስተኛ ናት። እኔ ከማውቀው ይልቅ እሷ የረሳችው ይበልጣል።»

ሰዎቹ ይስቃሉ። ስሜን ግን አይጠይቁም።

ጃንዋሪ 9፣ ማታ

ነገሩን ለራሴ በቅጡ ልጻፈው፤ ስጽፈው ይረጋልኛል።

ማርች አጋማሽ ላይ የከተማው ምክር ቤት ምርጫ አለ። የእኛ የሊበራሎቹ ዝርዝር አናት ላይ ዲድሪክ አለ፣ የመነጽር ሱቅ ያለው። ቀጥላ የእንስሳት ሐኪሟ። ሦስተኛ እኔ። አሁን ያሉን ወንበሮች ሦስት ናቸው፤ አራት እናገኛለን የሚል ደፋር የለም። ሦስት ካገኘን እገባለሁ፤ ሁለት ካገኘን የእማዬን ፎጣ አጥባለሁ። ሄግ ያሉ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ በየሚኒስቴሩ ወንበር ይዘዋል። እኔ ደግሞ ለራሴም ለነሱም «አገሬ ገብቼ ከሥር እጀምራለሁ» ብዬ ፎክሬ መጥቻለሁ። ስለዚህ ይህቺን ወንበር እፈልጋታለሁ። ይኸው ጻፍኩት። እፈልጋታለሁ።

ከዝርዝሩ ግርጌ ያሉት አቶ ሃርመን ናቸው። ይህ የአገሩ ወግ ነው፤ ሥራውን የጨረሰ፣ ሰው የሚወደው ስም መጨረሻ ላይ ይቀመጥና ዝርዝሩን ከኋላ ይገፋል። በስሙ የተሰጠው ድምፅ ሁሉ ለፓርቲው ይቆጠራል። ድምፁ በዝቶ ከላይ ያሉትን ዘልሎ ወንበር ቢደርሰው እንኳ «አመሰግናለሁ» ብሎ ለተራ ጠባቂው ይለቃል። ጋሪ የሚገፋ ሰው ጋሪው ላይ አይወጣም።

እሳቸውን ለምን ግርጌ አናስቀምጥም ያልኩት እኔ ነኝ። መፈክሩም የእኔ ነው፦ «ሃርመን፣ ለመጨረሻ ጊዜ»። ፎቶውን ያነሳሁት ማሻገሪያዋ ጀልባ ላይ ነው፤ ባርኔጣቸውን ነፋስ ሊወስደው ሲል በእጃቸው እንደያዙት። ዲድሪክ ፎቶውን ከዓይኑ አራቅ አድርጎ አየው። ከዚያ «በጣም ጥሩ ነው» አለ። «እንዲያውም ከልክ በላይ ጥሩ እንዳይሆን እሰጋለሁ።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ቢደርሰው እንደሚለቅ በጽሑፍ አስፈርሚው።»

«ዲድሪክ! አቶ ሃርመንን?»

«እኔ ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፤ አንቺ ስድስት ወር» አለና መነጽሩን መጥረግ ጀመረ። መነጽር ሻጭ ሲናደድ ማወቂያው ይህ ነው።

አላስፈርምም። ቃላቸው ይበቃል።

ጃንዋሪ 15

እማዬ ጓሮ ያለው ጋራዣችን ውስጥ ነው ጸጉር የምትሠራው። ፎጣ ሳጣጥፍ ወይዘሮ ሄንድሪና ጭንቅላቷ ላይ ቢጎዲን እንደተጠቀለለ ስትናገር ሰማሁ።

«አየሽው ሃርመንን ያደረጉትን? አርባ ዓመት አገልግሏቸው ከታች ጣሉት! ከሁሉም በታች! እንደ አሮጌ ጫማ!»

«ወይ ጉድ» አለች እማዬ።

«እኔ እኮ ሊበራል መርጬ አላውቅም፤ አባቴ ከመቃብሩ ይነሳብኛል። ዘንድሮ ግን ለዚያ ምስኪን ስል እመርጣለሁ። ያፍሩ!»

ላስረዳት አፌን ከፈትኩ። እማዬ በመስታወቱ ውስጥ አየችኝ። ዘጋሁት። ድምፅ ድምፅ ነው።

ማታ ለአቶ ሃርመን ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «እንደ አሮጌ ጫማ አለች?» ደግመው ጠየቁኝ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ሌላስ ሰው እንዲያ ይላል?»

ጃንዋሪ 22

ጀልባዋ ላይ ረጅም ወሬ። ለስንብታቸው የምትበተን ትንሽ መጽሔት እያዘጋጀሁ ስለሆነ የሥራ ዘመናቸውን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። ኤይሰል ወንዝ ሞልቷል፤ ሜዳው ሁሉ ውሃ ነው፤ ዛፎቹ እስከ ጉልበታቸው ቆመውበታል።

አባታቸው ከሰል ሻጭ ነበሩ። ከተማው ያኔ በሁለት ቡድን የተከፈለ ነበር፤ ካቶሊኩ ከካቶሊክ፣ ፕሮቴስታንቱ ከፕሮቴስታንት ብቻ ከሰል ይገዛል። አባታቸው ለሁለቱም እሸጣለሁ በማለታቸው ሁለቱም ትተዋቸው ከሰሩ። «ሊበራል የሆንኩት በመጽሐፍ አይደለም» አሉኝ፤ «በከሰል ነው። ሰው ከፈለገው ሰው ይግዛ፤ መንግሥትም ቄስም ከሰው ኪስና ከሰው መኝታ ቤት እጁን ያውጣ።»

«ታዲያ ይቺ ጀልባ በማዘጋጃ ቤት ድጎማ አይደል የምትሄደው? ማን ነው ያስፈቀደው?»

«ጀልባዋ ሌላ ነገር ናት» አሉ ኮስተር ብለው። ጀልባ ነጂው ጀርባውን ሰጥቶን ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

በወጣትነታቸው ምክር ቤት ገቡ። ከዚያ የማዘጋጃ ቤት ሹም። ከዚያ አንዱ የፓርላማ አባል ሚኒስትር ሲሆን ተራው ደርሷቸው ሄግ ገቡ። በኋላም ሚኒስትር ዴኤታ፤ ለአምስት ወር። «ገና የመጸዳጃ ቤቱን መንገድ ሳለምድ ካቢኔው ወደቀ።» ከዚያ ወደ ቤት፣ ወደዚሁ ምክር ቤት።

«የሚቆጭዎት ነገር አለ?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ለመጽሔቷ።

ሚንት ከረሜላ አውጥተው ለእኔም ሰጡኝ። «አንድም ጊዜ በስሜ ገብቼ አላውቅም። ሁሌም ዝርዝሩ ነው ያስገባኝ። ሰው ፓርቲውን ይመርጣል፤ እኔ ከኋላ ተንጠልጥዬ እገባለሁ። ለፓርላማ ስወዳደር በስሜ ያገኘሁት ድምፅ ግማሹ የሚስቴ የመዘምራን ቡድን ነው፤ እነሱም ያዘኑት ለእሷ ነው።» ሳቁ። «ይህን አትጻፊው።»

መጽሔቷ ላይ አልጻፍኩትም።

ፌብሩዋሪ 3

ዝናብ። ዝናብ። ፖስተሮቹ ርሰው ወደቁ፤ ሶሻል ዴሞክራቶቹ የእነሱን በላስቲክ ሸፍነዋል፤ ለምን አላሰብኩትም? ብስክሌቴ ተነፈሰ። እማዬ፣ «ለሽማግሌ ፎቶ ለመለጠፍ ነው አራት ዓመት የተማርሽው?» አለች። የራስሽ ፎቶስ የታለ? አለች። የእኔ ፎቶ በበራሪ ወረቀቱ ጀርባ ላይ አለ፤ ከሐኪሟ ጎን፤ ከውሻዋ ዝቅ ብሎ።

ፌብሩዋሪ 12

የአቶ ሃርመን ልደት። ሳሎን ውስጥ ወንበር በክብ ተደርድሯል። የገባ ሁሉ ዙሩን እየዞረ የሁሉንም እጅ ይጨብጣል፤ «እንኳን ለሃርመን ልደት አደረሰሽ» እየተባባሉ፤ ለጎረቤቱም፣ ለአማቹም፣ ለእኔም። አንድ ቁራጭ ኬክ፤ ከዚያ ሳህን መያዝና ስለ መንገድ መዘጋት ማውራት። ይህን ክብ ልጅ ሆኜ እጠላው ነበር። ዛሬ ግን እንዴት ደስ አለኝ! አንዱ ሽማግሌ እጄን ይዞ፣ «የሃርመን ልጅ ነሽ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ እሳቸው ደግሞ ከማዶ፣ «ብትሆን አልጠላም ነበር!» ብለው ጮኹ። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ቀላ።

ሳህን ይዤ ወጥ ቤት ስገባ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዊልሚን እህታቸውን እያነጋገሩ ነው።

«ተጎታች ቤታችንን፣ ካራቫኑን፣ ከገበሬው መጋዘን አውጥተን እንጠበው አልኩት። ኤፕሪል መባቻ እንነሳለን፣ እስከ ፖርቱጋል፣ ብለን ቃል ተገባብተናል። ‹ከምርጫው በኋላ እናያለን› ይለኛል። ምኑ ነው የሚታየው? እሱ ጨርሷል እኮ።»

እህትየው፣ «ሃርመን ጨርሶ ያውቃል?» አለች።

እኔን ሲያዩ ወሬውን ወደ ኬኩ አዞሩት።

ሰው ከአርባ ዓመት በኋላ ቀስ ብሎ ነው የሚለቅቀው። ምንም ማለት አይደለም።

ፌብሩዋሪ 19

የቅዳሜ ገበያ። ሁሉም ፓርቲ ከዓሣ ሻጩ እስከ አይብ ሻጩ ተሰልፏል፤ አንዱ ጽጌረዳ፣ አንዱ ፊኛ ያድላል። እኛ የአበባ ዘር። አንድ ገበሬ በእንጨት ጫማው እየረገጠ መጣና የአቶ ሃርመንን እጅ ጨበጠ።

«ሃርመን፣ ያደረጉህን ሰምቻለሁ። ከታች! እነዚህ ልጆች!» ወደ እኔ ዞሮ አፈጠጠብኝ። «አይዞህ፣ እኛ እናነሳሃለን። ቤተሰቡን ሁሉ ነግሬዋለሁ።»

አቶ ሃርመን ወጉን ያስረዱታል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን የገበሬውን ትከሻ መታ መታ አደረጉና፣ «ደግ ሰው ነህ» አሉት። ይኸው ብቻ።

በኋላ፣ «ለምን አላስረዱትም?» አልኳቸው።

«ገበሬ ከወሰነ በኋላ ማስረዳት ስድብ ነው።»

እኔስ ወይዘሮ ሄንድሪናን አስረድቻታለሁ? ማንን እወቅሳለሁ?

ማርች 2

ዲድሪክ እንደገና። ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቀኝ፤ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ የፊርማ መስመር። «እኔ ካመጣሁለት ቤቱን ያፈርሰዋል። አንቺን ይወድሻል፤ ይፈርምልሻል።»

«ስለሚወዱኝ ነው የማልጠይቃቸው።»

«ሩሊን፣ የሚወሰደው የእኔ ወንበር አይደለም። ሦስት ካገኘንና እሱ ከዘለለ የምትወድቂው አንቺ ነሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

ወረቀቱን መለስኩለት።

ማርች 16፣ ጠዋት

መረጥኩ! ምርጫ ጣቢያው የድሮ ትምህርት ቤቴ ጂምናዚየም ነው፤ አሁንም የላብ ካልሲ ይሸታል። የምርጫ ወረቀቱ እንደ ገበታ ጨርቅ ሰፊ ነው፤ ፓርቲዎቹ ጎን ለጎን፣ ስሞቹ ከላይ ወደ ታች። የላይኛው እጥፋት ላይ የዝርዝሮቹ አናት፤ የቀሩት ታች ታጥፈዋል። ያቺ ሳጥን የመሰለች ጠባብ የመምረጫ ክፍል ውስጥ የታችኛውን እጥፋት ለመዘርጋት ስታገል ክርኔ ጣውላውን መታ፣ ወረቀቱ ሊቀደድብኝ ነበር፤ ምልክት ማድረጊያው ቀይ እርሳስም ወድቆ በሰንሰለቱ ተንጠለጠለ። መልሼ ማጠፉማ ጭራሽ። የጣቢያው ሊቀ መንበር፣ «እዚያ ውስጥ ድንኳን እየተከልሽ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ።

ስወጣ አቶ ሃርመንና ወይዘሮ ዊልሚን ተሰልፈዋል። አብሬያቸው ልመለስ ቆሜ ጠበቅኩ። እሳቸው ገብተው ወዲያው ወጡ። ወይዘሮ ዊልሚን ከጎን ሳጥን ሆነው፣ «አንተ ሰውዬ! እኔ ገና መነጽሬን ሳላደርግ? ወረቀቱን ዘርግተኸዋል እንኳ?» አሉ።

«ምን ያዘረጋኛል?» አሉ እሳቸው።

ሰው ሁሉ ሳቀ። ዕድሜ ልኩን የመረጠ ሰው እጁ ፈጣን ነው።

ማርች 17

ሦስት ወንበር።

ዲድሪክ። ሐኪሟ። ሃርመን ቬልድካምፕ።

በስማቸው የተሰጠው ድምፅ ከዲድሪክም በለጠ። ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ሲነበብ ጭብጨባው አላቆም አለ። የተጠበሰ ሥጋ ኳስ የያዝኩበት ሳህን እጄ ላይ ቀረ። እሳቸው ቆመው ነበር። አልሳቁም። አፋቸው ትንሽ ተከፍቶ ሰሌዳውን ያያሉ፤ እንደዚያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

ሮጬ አቀፍኳቸው። «በስምዎ!» አልኳቸው። «በስምዎ እኮ ነው!»

ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው።

ዲድሪክ ከማዶ መነጽሩን ይጠርጋል።

ማርች 19

እስካሁን አልደወሉም። መልቀቃቸውን ለማሳወቅ ጊዜ አላቸው፤ ምን ያስቸኩላል? ስልኬን በየደቂቃው የማየው ለሌላ ጉዳይ ነው።

እማዬ ፎጣዎቹን እኔን ሳትጠራ ራሷ አጣጠፈቻቸው። ይህ ነው ያስፈራኝ።

ወይዘሮ ሄንድሪና ጋራዣችን ደጃፍ ቆማ፣ «አየሽ? አነሳነው!» አለችኝ። እንኳን ደስ አለዎት አልኳት።

ማርች 21

በጓሮ ገባሁ። አቶ ሃርመን ወጥ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ዳቦና አይብ፣ ጎኑ አንድ ብርጭቆ አሬራ። ወይዘሮ ዊልሚን የሉም፤ ብቻቸውን ካራቫኑን ሊያጥቡ ሄደዋል።

«ተቀመጪ» አሉኝ። ዳቦውን አልነኩትም። «ለምን እንደመጣሽ አውቃለሁ።»

«እኔ እኮ ዝም ብዬ ነው የመጣሁት።»

«ሩሊን፣ ወጉን አውቀዋለሁ። ሌላ ሰው ቢሆን ‹አታፍርም፣ ልቀቅ!› ብዬ ነበር።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ግን ይህ ሁሉ ሰው ታች ድረስ ወርዶ ስሜን ፈልጎ… በዚህ ዕድሜዬ በስሜ ሲጠሩኝ እንዴት አልሰማሁም ልበል? አንድ ዓመት ብቻ። የጀልባዋ ውል ይታደሳል፤ እሱን ጨርሼ ለአንቺ እለቃለሁ። አንድ ዓመት ለአንቺ ምንድን ነው? ልጅ ነሽ።»

«ምንም አይደለም» አልኩ።

«ተቀይመሻል?»

«ኧረ በፍጹም።»

«ረዳቴ ትሆኛለሽ። እንደ ድሮው።»

«እንደ ድሮው» አልኩ።

ብስክሌቴን እየገፋሁ ነው ቤት የደረስኩት። ጎማው ደህና ነበር። ለምን እንዳልጋለብኩ አላውቅም።

አልተቀየምኩም። ቂም ሌላ ነው። እሳቸውን መቀየም የምችል አይመስለኝም። ዲድሪክ ፊርማ አምጪ ሲለኝ ያልሰማሁት ራሴ፣ ፎቶውን ያነሳሁት ራሴ፣ ወይዘሮ ሄንድሪናን ዝም ያልኳት ራሴ። ሄግ ያለችው ጓደኛዬ «የሥራ ቦታው እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍት ነው» ብላ ጽፋልኛለች። ሄግ ደህና ከተማ ነው። ባሕር አለው።

ማርች 23

ለቃለ መሐላው ቀን የሚሆን ከረባት እንድመርጥላቸው ጠሩኝ። ሰማያዊውን መረጥኩ። ብርቱካናማውን ይወዳሉ፤ የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድኑ ደጋፊ ያስመስልዎታል አልኳቸው። ሳቅን። እንደ ድሮው ሊሆንልን ምንም አልቀረውም ነበር።

ወይዘሮ ዊልሚን ሶፋው ላይ ካርታ ዘርግተው፣ ስፔንን በጣታቸው ይዳብሳሉ።

«እንግዲህ የመጀመሪያ ንግግሬ ስለ ምን ይሁን?» አሉኝ አቶ ሃርመን።

«ስለ ምርጫ ወረቀቱ ይሁና!» አልኩ፤ የወይዘሮ ዊልሚን ካርታ ስላስጨነቀኝ ብቻ። «ያጥብቡልን! ወይ ሳጥኑን ያስፉልን! የታችኛውን እጥፋት ስዘረጋ ክርኔ ሊሰበር ነበር፤ ሊቀ መንበሩ ድንኳን እየተከልሽ ነው ወይ አለኝ።»

ከረባቱን ማሰር አቆሙ።

«የታችኛውን?»

«አዎ፤ እሱማ ነው የሚያስቸግረው።»

«አንቺ ያለሽው ላይኛው ላይ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሦስተኛ ነሽ።»

«ሁሉንም ስሞች ለማየት ብዬ ነው…» አልኩ።

«አየሻቸው?»

«አየኋቸው።»

ወይዘሮ ዊልሚን ከካርታው ቀና አሉ። መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ባላቸውን አዩ። አቶ ሃርመን ከረባቱን ፈቱት፣ በጣታቸው ጠቀለሉት፣ የሚንቷን ቆርቆሮ ከፈቱና ለማንም ሳይሰጡ መልሰው ዘጓት።

«ዛሬ ደክሞኛል፣ ልጄ» አሉኝ። ወጣሁ።

ቀልዱ ምኑ እንዳስከፋቸው አልገባኝም። ወይም ገብቶኛል። መጻፍ አልፈልግም።

ማርች 25

እየሳቅኩም እያለቀስኩም ነው የምጽፈው።

ምሳ ሰዓት ላይ የፊት በራችን ደወል ጮኸ። እማዬ የአንዲት ደንበኛ ጸጉር ጨብጣ ከጋራዥ ሮጠች፤ ደንበኛዋ ተከትላት ሮጠች። «ማን ሞተ?» ትላለች እማዬ፤ «አያትሽ ናት! አያትሽ ናት!» መጥረጊያ ማሽኑን ወዲህ፣ ካርቶኖቹን ወዲያ፤ የገና ኳሶች መሬት ላይ ተንከባለሉ፤ የአጎቴ መንሸራተቻ ጫማ እግሬ ላይ ወደቀ። ቁልፉ ዝጎ አልዞር አለ። በመጨረሻ በትከሻችን ገፍተን ከፈትነው።

አቶ ሃርመን ናቸው። ጥቁር ካፖርት፤ ሰማያዊ ከረባት፤ ባርኔጣቸው በእጃቸው።

«ምነው በጓሮ አልመጡም? ልቤ ወጥቶ ነበር እኮ!» አለች እማዬ።

«በጓሮ የሚመጣ ለወሬ ነው። እኔ ዛሬ የመጣሁት ለቁም ነገር ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። በሕይወቴ ያን ያህል ቀጥ ብለው ሲቆሙ አላየኋቸውም። «ዛሬ ጠዋት ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ወንበሩን እንደማልቀበል አስታውቄያለሁ። ተራው ያንቺ ነው። ደብዳቤው ይደርስሻል፤ ግን ከሰው ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው።»

«ሰዎቹ እኮ በስምዎ ጠሩዎት» አልኳቸው።

«ጠሩኝ። አቤት አልኩ። አቤት ያለ ሁሉ የግድ ይሄዳል እንዴ?» ባርኔጣቸውን አዞሩት። «ደግሞም ግማሾቹ የጠሩኝ ያልተበደልኩትን በደል ሊክሱኝ ነው፤ እኔም እያወቅኩ ዝም አልኳቸው። ከጠሩኝ ውስጥ ግን አንዷ ነገሩን በደንብ ታውቅ ነበር። አውቃ የራሷን ስም አልፋ ታች ድረስ ወረደች። አርባ ዓመት ስጠብቀው የኖርኩት ድምፅ ይኼ ከሆነ፣ ደርሶኛል። በቃኝ።»

እማዬ አየችኝ። «አንቺ የማትረቢ!» አለች። «ራስሽን አልመረጥሽም?» ደንበኛዋ ከኋላችን ቀለም በተቀባ ጸጉሯ፣ «እኔም እኮ ሃርመንን ነው የመረጥኩት» አለች፤ ማንም አልሰማትም።

«እርስዎስ?» አልኳቸው። «እርስዎ ማንን መረጡ?»

«ድምፅ በምስጢር ነው የሚሰጠው። እኔ ሊበራል ነኝ፤ በሰው ጉዳይ አልገባም፣ ሰውም በጉዳዬ አይግባ።»

ከዚያ እማዬ፣ «ገባ ይበሉ እንጂ፣ አሬራ ላምጣ» አለች። ገቡ። ጠጡ። ሲወጡ በጓሮ በር ወጡ፤ ፎጣ የተሰጣበትን ገመድ ጎንበስ ብለው አልፈው።

የፊት በሩ አሁንም አልዘጋ ብሎናል። ነፋስ ይገባል።

ማርች 30

ማልኩ። ዲድሪክ ጨበጠኝና፣ «ፊርማውን እንዴት አመጣሽው?» አለኝ በሹክሹክታ። «አላመጣሁም» አልኩት።

አቶ ሃርመን ከላይ ሕዝብ መቀመጫው ላይ ነበሩ፤ ማጨብጨብ ክልክል ስለሆነ ባርኔጣቸውን ከፍ አደረጉልኝ።

ሲወጡ ወይዘሮ ዊልሚን ክንዴን ያዙ። «በምርጫው ቀን ከሳጥኑ እንዲያ ፈጥኖ ሲወጣ ድምፁን ያበላሸ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። «ቤት ስንገባ ጠየቅኩት። የሚፈልገው ስም ላይኛው እጥፋት ላይ ነው፤ ሦስተኛው መስመር፤ መዘርጋት አያስፈልገውም አለኝ።» ከዚያ የአበባቸውን ማጠጫ የት እንዳስቀመጡት ነግረውኝ ሄዱ።

መጸዳጃ ቤት ገብቼ ቆየሁ። አዎ፣ መንገዱን ለምጄዋለሁ።

ኤፕሪል 6

ካራቫኗ ፈረንሳይ ገብታለች። አቶ ሃርመን ስለ ጀልባዋ ውል ሦስት ጊዜ ደውለዋል፤ በሦስተኛው ወይዘሮ ዊልሚን ስልኩን ቀሙዋቸው።

ዛሬ አበባቸውን ላጠጣ ሄድኩ። በጓሮ፣ እንደ ወጉ። ጎረቤታቸው በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ማን ነው እሱ?» አለች።

የጸጉር ሠሪዋ ልጅ ልል ነበር።

«ሩሊን ነኝ» አልኩ።

«እ፣ ሩሊን!» አለች። «ግቢ፣ ግቢ፤ ቁልፉ ከማሰሮው ሥር ነው።»